180 በ60 በ60 ገንዳ በዕፅዋት ለመሙላት፦ መስታወቱ፣ አፈሩና የመብራት መጥፋት

ጀማሪ_ገንዳ፦

ሰላም ለቤቱ። አዲስ አበባ፣ ምድር ቤት ሳሎን ውስጥ 180 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 60 ወርድ፣ 60 ከፍታ ያለው የዓሣ ገንዳ ላሠራ ነው። ዓሣው ለእኔ ሁለተኛ ነገር ነው። ዋናው ፍላጎቴ ድንጋይና እንጨት ያለበት፣ በዕፅዋት የተሞላ ገንዳ ነው። መስታወት ቆራጩ «12 ሚ.ሜ. ይበቃል» ብሎኛል። ከውጭ የሚመጣው የአኳሪየም አፈር ለዚህ ስፋት ከአሥር ከረጢት በላይ ስለሚፈጅ አቅሜ አይችለውም።

መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ግማሽ ቀን ይቆያል። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ግን የ2000 ሊትር ሮቶ አለኝ። 12ቱ ሚ.ሜ. እውነት ይበቃል? ከአገር ውስጥ በምን አፈር ልትከል? ለተክል የሚለቀቀው ሲኦቱ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ጋዝስ የግድ ነው? የምታውቁ ወንድማችሁን ምከሩ።

ውሃ_ልክ፦

የመስታወት ቆራጩ መልስ ግማሽ እውነት ነው። ከአፉ ሥር ዙሪያውን ማጠንከሪያ ከተደረገለት 12 ሚ.ሜ. ይበቃል። አፉ ክፍት ሆኖ ያለ ማጠንከሪያ የሚቆም ከሆነ ግን 15 ሚ.ሜ. ያስፈልጋል። መስታወቱን የሚገፋው የውሃው ብዛት ሳይሆን ከፍታው ነው፤ ርዝመቱ ደግሞ የፊቱን መስታወት መሃሉ ላይ ያስጎብጠዋል። በዚህ ልክ ማጠንከሪያ የሌለው 12 ሚ.ሜ. ሲሰላ የሚቀርለት መጠባበቂያ ጥንካሬ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ለገንዳ የተለመደው 3.8 ነው።

ስለዚህ ከፊትና ከኋላ፣ ርዝመቱን ሙሉ፣ 8 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው የ12 ሚ.ሜ. መስታወት ተጋድሞ በሲሊኮን ይለጠፍ። በሁለቱ መካከል 60 እና 120 ሳ.ሜ. ላይ 20 ሳ.ሜ. የሚሰፉ ሁለት ድልድዮች ይግቡ። ድልድዮቹ መብራቱን እንዳይጋርዱ በየጊዜው መወልወል አለባቸው እንጂ ሌላ ጉዳት የላቸውም።

ሲሊኮኑ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት፣ መቶ በመቶ ሲሊኮን መሆን አለበት። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ መከላከያ መድኃኒት አለበት፤ ዓሣንም ሽሪምፕንም ይመርዛል። ማሸጊያው ላይ ሻጋታ የሚባል ነገር ከተጻፈበት አይግዙት። ሌላው የሠራተኞች ስህተት መስታወቱን ከመስታወት ጋር አጥብቆ ሲሊኮኑን በሙሉ ተርፎ እስኪወጣ መጫን ነው። በመገጣጠሚያው መካከል 2 ሚ.ሜ. ያህል ሲሊኮን መቅረት አለበት፤ ገንዳው ሲሞላ የሚሳበው እሱ ነው። አንድ ሳምንት ይድረቅ፣ ከዚያ በራሱ መቆሚያ ላይ አፉ ድረስ ሞልተው ሦስት ቀን ይተውት። ድንጋይና አፈር ከገባ በኋላ የሚገኝ ፍሳሽ ሁሉን ነገር አውጥቶ እንደገና መጀመር ማለት ነው።

ክብደቱን እናስላ። አፈርና ድንጋይ ከገባ በኋላ የሚቀረው ውሃ 480 ሊትር ገደማ ነው። መስታወቱ ከማጠንከሪያው ጋር 125 ኪሎ፣ አሸዋ፣ አፈርና ድንጋይ 200 ኪሎ፣ ብረቱ 70 ኪሎ። በጠቅላላው ከአንድ ካሬ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ወለል ላይ ወደ ዘጠኝ ኩንታል የሚጠጋ ጭነት ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ አካባቢ እንዲሸከም ነው። እርስዎ ምድር ላይ ስለሆኑ ኮንክሪቱ ያልተሰነጠቀና ያልሰጠመ መሆኑን ማየት ይበቃል። ይህን እያነበበ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚያስብ ካለ ግን መሐንዲስ ሳያይለት አይሞክረው።

መቆሚያው ከ60×40×3 አርኤችኤስ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ)፣ ስድስት እግር፣ በየ60 ሳ.ሜ. ተሻጋሪ። በእያንዳንዱ እግር ሥር 10×10 ሳ.ሜ. የሆነ የ6 ሚ.ሜ. ላሜራ ይበየድ። ከላይ 18 ሚ.ሜ. ፕላይውድ፣ በላዩ 10 ሚ.ሜ. ጠንካራ ፎም። ሚዛኑን በትንሿ ውሃ ልክ ሳይሆን ውሃ በሞላ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ከጫፍ ጫፍ ይለኩ፤ ከ2 ሚ.ሜ. በላይ ልዩነት አይኑር። ከጎደለ ከእግሩ ሥር ላሜራ ይጨመራል፤ ከመስታወቱ ሥር ምንም ነገር አይሸጎጥም።

ቦልቢቲስ፦

ስለ አፈሩ አይጨነቁ፣ የአገሩ አፈር ይሠራል። ግን የትኛውም አፈር አይደለም። ጥቁሩ ዋልካ አይሞከርም፤ ሲርስ ያብጣል፣ ተክል በነቀሉ ቁጥር ውሃውን ወደ ጭቃ ይለውጣል። ፍግና ኮምፖስት ያለበትም ይቅር፤ አሞኒያ ይለቃል። የሚፈለገው ማዳበሪያ ያልነካው፣ ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ነው።

በ5 ሚ.ሜ. ወንፊት ይንፉት። በባልዲ ውሃ ይዘፍዝፉት፣ የተንሳፈፈውን ሥርና ገለባ ይድፉ፣ በላስቲክ ላይ አስጥተው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙት። ሥራው አሰልቺ ነው፤ የዘለለው ሰው ግን በሁለተኛው ሳምንት አረንጓዴ ውሃ ያገኛል፣ ምክንያቱም ሟሚው ጨውና የሚበሰብሰው ነገር ገንዳው ውስጥ ይወጣል።

ውፍረቱ 2.5 ሳ.ሜ. ይሁን፤ ለሙሉ ወለሉ 27 ሊትር ነው። ከፊት 15 ሳ.ሜ. ያህል ስፍራ ያለ አፈር ይተውና አሸዋ ብቻ ያድርጉት፤ ከመስታወቱ ጋር የሚታየው የአፈር መስመር ዓይን ያስቀይማል፣ አልጌም ይይዘዋል። አፈሩ ከ3 ሳ.ሜ. ካለፈ አየር ያጣና እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣል። በላዩ 5 ሳ.ሜ. የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ ከ1 እስከ 3 ሚ.ሜ. ቅንጣት፣ 54 ሊትር ማለትም 85 ኪሎ ገደማ። ከ4 ሳ.ሜ. ካነሰ ተክል ባነቃነቁ ቁጥር አፈሩ ብቅ ይላል። ዱቄት የሚመስለው ለልስን የሚሆነው አሸዋ አይሆንም፣ ተጠቅጥቆ ሥሩን ያፍነዋል።

ከኋላ ከፍታ ለመስጠት አሸዋ መቆለል ክብደትና ብክነት ነው። ከቢሾፍቱና ከአዳማ አካባቢ ለግንባታ የሚመጣውን ሬድ አሽ (ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይጠቀሙ። ቀላል ነው፣ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ባክቴሪያ ይኖርበታል፣ የውሃውን ጠባይም አይለውጥም። ውሃው እስኪጠራ አጥበው፣ በከረጢት አድርገው ከኋላ እስከ 20 ሳ.ሜ. ይቆልሉት፤ አፈርና አሸዋው በላዩ ይለብሳል። ያለ ከረጢት ከተደፋ በወራት ውስጥ ተንሸራቶ ዳገትዎ ሜዳ ይሆናል።

ድንጋይ ሲመርጡ ጥቁሩ ባዛልት አስተማማኝ ነው። ሌላ ከሆነ ደረቁ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ የውሃውን ጥንካሬና (በውስጡ የሟሟውን ማዕድን) ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) ያለማቋረጥ ይጨምራል። አሸዋውንም እንዲሁ ይፈትኑት። ትልልቆቹ ድንጋዮች ከአፈሩ በፊት ነው የሚገቡት፤ በቀጥታ መስታወት ላይ ሳይሆን በቁራጭ ፎም ላይ። በአሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ዓሣ ሥሩን ሲቆፍረው ይወድቃል።

ከእንጨት ጽድና ባሕር ዛፍ አይግቡ፤ ሙጫና ዘይታቸው ውሃ ውስጥ ይወጣል። የደረቀ የወይራ ሥር ጥሩ ነው፣ ከባድ ስለሆነ ለመስመጥ አያስቸግርም። ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ ይላጥ፣ አረንጓዴ የቀረበት ካለ ይቆረጥ፣ ከዚያ በበርሜል ውሃ እየተቀየረ ለሳምንታት ይዘፍዘፍ። ውሃው የሻይ መልክ ቢይዝ አያስደንግጥ። መጀመሪያ ሰሞን እንጨቱ ላይ የሚወጣው ነጭ ዝልግልግ ነገርም በራሱ ጊዜ ይጠፋል።

አቀማመጡ ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልናገር፦ ዋናውን ድንጋይ ወይም ግንድ መሃል ላይ አይትከሉ። 180ን ለ1.618 ሲያካፍሉ 111 ይመጣል፤ ከአንዱ ጫፍ 111፣ ከሌላው 69 ሳ.ሜ. ላይ ዓይን ያርፋል። የጃፓኑ ታካሺ አማኖ በድንጋይ ብቻ የሚሠራውን የኢዋጉሚ አቀማመጥ ለዓለም ሲያስተዋውቅ የተከተለው ይህንኑ ነው። ድንጋዮቹ ቁጥራቸው ጎዶሎ፣ ከአንድ ዓይነት ድንጋይ፣ መስመራቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበለ። ዋናው ድንጋይ ከውሃው ከፍታ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ካልያዘ እንዲህ ባለ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ይጠፋል። ሰው ሁሉ ትንሽ ድንጋይ ነው የሚገዛው።

ለተክሉ ከኋላ ቫሊስኔሪያና ሃይግሮፊላ፣ መካከል ላይ ክሪፕቶኮሪንና ኤኪኖዶረስ፣ እንጨትና ድንጋይ ላይ በክር የሚታሰሩ አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና ቦልቢቲስ። የመጨረሻው የእኛው አህጉር ፈርን ነው፤ ከኢትዮጵያ እስከ ሴኔጋል ይበቅላል። የእነዚህ የሦስቱ አግዳሚ ግንድ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ክሪፕቶኮሪን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅጠሉ ሟምቶ ሊያልቅ ይችላል፤ አይንቀሉት፣ ከሥሩ እንደገና ያወጣል።

ከመጀመሪያው ቀን ወለሉ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው መሸፈን አለበት። ጥቂት ተክል ተክሎ እስኪራባ መጠበቅ ገንዳውን ለአልጌ ማከራየት ነው።

ሌሊት_ፓምፕ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ውስጥ ትልቁ ነገር የመብራቱ ነው። የፊልተሩን፣ የብርሃኑንና የጋዙን ምርጫ የሚወስነው እሱ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ ያው ውሃ 6.2 አካባቢ ላይ ይሞላል። ከውጭ አገር ጽሑፍ የተቀዳ «በዚህ ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚል ስሌት በሩብ ቀንሰው። ፓምፕ ሲቆም፣ በተለይ ሌሊት ተክሉም ኦክስጅን ሲተነፍስ፣ መጠባበቂያህ ትንሽ ነው።

ፊልተር፦ በሰዓት 1500 እስከ 2000 ሊትር ይገፋል የተባለ ካኒስተር (ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ ዝግ ፊልተር) ሁለት ግዛ፤ አንድ ትልቅ አትግዛ። አንዱ ቢቃጠል ሌላው አለ። መውጫቸው የውሃውን ገጽ በትንሹ እንዲያንቀሳቅስ አድርግ። መብራት ከሁለት ሰዓት በላይ ከጠፋ ካኒስተር ውስጥ የታሰረው ውሃ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ባክቴሪያው መሞት ይጀምራል። መብራት ሲመጣ ያ የተበላሸ ውሃ በአንዴ ገንዳው ውስጥ ይደፋል፤ «መብራት መጥቶ ዓሣዎቼ ሞቱ» የሚሉት ይሄ ነው። ረጅም ከሆነ ፊልተሩን ከሶኬት ንቀለው፣ ክፈተው፣ ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እጠበው፣ ከዚያ አስነሣው። በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፣ ክሎሪኑ የተረፈውን ባክቴሪያ ይጨርሳል።

ከዚህ የሚያድንህ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ነው። ሁለቱ ፓምፖች 45 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀም 600 ዋት ሰዓት ነው፤ ብክነቱ ተቀንሶ አሥር ሰዓት ያህል ያስኬድሃል። ሞገዱ ንጹህ ሳይን የሆነውን ግዛ፤ ርካሹ ላይ ፓምፑ ያንጎራጉራል፣ ይግላል። ሂተሩን በባትሪው ላይ አታገናኝ። ውሃው ብዙ ስለሆነ ክዳን ካለው ሙቀቱ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው የሚወርደው። ሂተሩ 300 ዋት ሁለት፣ በሁለቱ ጫፍ፣ 24 ዲግሪ ላይ። ሁሉም ከስታቢላይዘር በኋላ ይሰካ።

ጋዙ ላይ መልሴ አጭር ነው፦ ለአንተ አይሆንም። ዛሬ በሊትር 30 ሚሊ ግራም፣ ነገ 5 የሚሆን ሲኦቱ ጨርሶ ከሌለው የከፋ ነው። ጥቁሩ ጢም የሚመስል አልጌ የሚወደው ያንን መዋዠቅ ነው። ብርሃኑን ዝቅ አድርገህ ያለ ጋዝ ሂድ። በሊትር 20 ሉመን፣ በጠቅላላው 10,000 ሉመን ገደማ፣ 6500 ኬልቪን፤ ደህና ኤልኢዲ ከሆነ 100 ዋት ይበቃዋል። ለመጀመሪያው ወር በቀን 6 ሰዓት፣ ከዚያ ተክሉ እያደገ ከሆነ እስከ 8። መስኮት የሚያገኘው ቦታ ላይ አታስቀምጠው።

አረፋ_ቆጣሪ፦

በአብዛኛው እስማማለሁ፣ በጋዙ ግን አይደለም። የመብራት መጥፋት ብቻውን ሲኦቱን አይከለክልም፤ የሚከለክለው መጥፎ ዕቃ ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ራሱ የሚዘጋ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጋዝ መዝጊያ) ካለህ ጋዙ ይቆማል፣ ግን ብርሃኑም አብሮ ስለሚጠፋ ተክሉ ያን ሰዓት ጋዝ አይፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ብርሃኑ በባትሪ በርቶ ጋዙ ሲዘጋ፣ ወይም ፓምፑ ቆሞ ጋዙ ሲቀጥል ነው። ሶሌኖይዱንና ብርሃኑን በአንድ ወገን፣ ፓምፑን በባትሪው ወገን አድርገው፤ በቃ።

የሚረሳው ታይመሩ ነው። የሚሽከረከረው ሜካኒካል ታይመር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል። በሳምንት 15 ሰዓት መብራት ከጠፋ ቀኑ በ15 ሰዓት ይዛባና ገንዳህ እኩለ ሌሊት ላይ ይበራል። ውስጡ ባትሪ ያለው ዲጂታል ግዛ።

ጋዙ የገንዳው ብርሃን ከሚበራበት አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ይከፈት፣ ከመጥፋቱ አንድ ሰዓት በፊት ይዘጋ። በዚህ ስፋት አረፋ መቁጠር ትርጉም የለውም (ስሜ ቢያሳፍረኝም)። ጥንካሬው 4 ኬኤች (የካርቦኔት ጥንካሬ መለኪያ) የሆነ ውሃ ከብሮሞታይሞል ብሉ (ቀለሙ በፒኤች የሚለወጥ ጠቋሚ) ጋር የያዘ መፈተሻ ገንዳው ውስጥ ይንጠልጠል፤ አረንጓዴ ሲሆን 30 ሚሊ ግራም በሊትር አካባቢ ነው፣ ቢጫ ከሆነ ዓሣው እየታፈነ ነው። ፒኤች መለኪያ ካለህም 4 ኬኤች ላይ 6.6 ያው 30 ነው። መፈተሻው የሚያሳይህ ከአንድ ሁለት ሰዓት በፊት የነበረውን ነው፤ ስለዚህ ጋዙን በአንዴ አታስጨምረው። 5 ወይም 6 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር ቀጥ ብሎ፣ ግድግዳ ላይ በሰንሰለት ታስሮ ይቁም። ሬጉሌተሩ ባለ ሁለት ደረጃ ይሁን፤ ባለ አንዱ ጋዙ ሊያልቅ ሲል ግፊቱ ከፍ ይልና የቀረውን በአንዴ ሊለቀው ይችላል።

ይህን ሁሉ ማሟላት ካልቻልክ የሌሊት_ፓምፕ ምክር ትክክል ነው። ግማሽ በግማሽ የተሠራ የጋዝ ሥርዓት ከሁሉም ይከፋል።

ጀማሪ_ገንዳ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ያለ ጋዝ እጀምራለሁ። ሦስት ጥያቄ ቀረኝ። ባቱ ያለ ዘመዴ ከሐይቁ ዳር ተክል ሊልክልኝ ነው፤ ቤታቸው ትርፍ አጎበርም ስላለ ለሬድ አሹ ከረጢት ልሰፋው አስቤአለሁ። የተረፈ ዩሪያም አለ፤ ለተክሉ ትንሽ ትንሽ ብሰጥስ? ዓሣውንስ መቼ ላስገባ?

ቦልቢቲስ፦

አጎበሩን ይተውት! ለወባ የሚታደለው አጎበር በፀረ ተባይ የተነከረ ነው። ለሰው እንዳይጎዳ ተመጥኖ ነው፤ ለዓሣና ለሽሪምፕ ግን ገዳይ ነው፣ ቢታጠብም ዓመታት ይቆያል። አሮጌ ስቶኪንግ ወይም ለሽንኩርት የሚሆነው የናይለን መረብ ይበቃል።

ዩሪያም፣ ዳፕም፣ ኤንፒኤስም አይገቡም። ወደ አሞኒያ ይቀየራሉ ወይም አሞኒየም አለባቸው፤ ፒኤች ከፍ ባለ ውሃ ውስጥ ያ ዓሣ ይጨርሳል። ከአበባ እርሻ አቅራቢዎች የሚገኘውን ፖታሲየም ናይትሬት ይፈልጉ። ለ480 ሊትርዎ 5 ግራም ናይትሬቱን በሊትር በ6 ሚሊ ግራም ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ሞኖፖታሲየም ፎስፌት 0.3 ግራም ፎስፌቱን በ0.4 ያህል። ያለ ጋዝ ለሚሄድ ገንዳ ይህ በሳምንት አንዴ በቂ ነው፤ ቀይ አፈር ስላለ የብረት ማዳበሪያ ለመጀመሪያው ዓመት አያስፈልግዎትም። ዓሣው ከበዛ ናይትሬቱን ጨርሶ ይተዉት።

የሐይቁን ተክል በተመለከተ፣ ዘመድዎ ባዶ እጁንና ባዶ እግሩን ውሃው ውስጥ እንዳይገባ ይንገሩት። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በሐይቅ ዳር ተክል ላይ ነው የሚኖሩት። ተክሉ ሲደርስዎ በጓንት ይያዙት፣ አንድ እጅ በረኪና በ19 እጅ ውሃ አዘጋጅተው ጠንካራ ቅጠል ያለውን ሁለት ደቂቃ ይንከሩ፣ ደጋግመው ያለቅልቁ፣ ከዚያ ለብቻው በባልዲ ያቆዩት። የቀንድ አውጣ እንቁላል ከቅጠሉ ሥር እንደ ጄል ተለጥፎ ይገኛል፤ በጣት ይፋቅ። ቫሊስኔሪያ በረኪናውን አይችልም፣ እሱን ከሱቅ ወይም ከሰው ይውሰዱ።

ዓሣ ለማስገባት ቀን አይቁጠሩ፣ ይለኩ። ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ ዓሣ የሚመርዙት አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሆነው አንድ ሳምንት ሲቆዩ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ውሃውን ግማሹን ይቀይሩ። ሮቶው ለዚህ ጥሩ ነው፣ ግን ውሃው ትኩስ የመጣ ከሆነ ክሎሪን አለው። በሊትር 1 ሚሊ ግራም ክሎሪን ላለበት 250 ሊትር፣ 2 ግራም ሶዲየም ታዮሰልፌት ከበቂ በላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት መስታወቱ ላይ ቡናማ አቧራ ይለብሳል፤ ጠርገው ይተዉት፣ ያልፋል። አረንጓዴ ክር ከሆነ ብርሃኑን በአንድ ሰዓት ይቀንሱ እንጂ መድኃኒት አያፍስሱ።

ጎልድፊሽ አያስገቡ፣ ተክሉን ይበላል፣ ይነቅላል። መጀመሪያ አሥር አሥራ ሁለት ትንንሽ ዓሣ ብቻ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ሲከረክሙ የሚወጣውን ተክል ወንዝ ወይም ቦይ ውስጥ አይጣሉት። ጣና ላይ እምቦጭ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ፀሐይ ላይ እስኪሰባበር ያድርቁትና ጓሮ ይቅበሩት።